ቀይ መስመሩ ከመሰመሩ በፊት፦ የትምህርት ማቋረጥ መከላከያ ፕሮግራም ከዕቅድ እስከ ግምገማ

የአንድ ክፍል ስም መጥሪያ ደብተር ክፈቱና አንድ መስመር ብቻ በጣታችሁ ተከተሉ። በመጀመሪያው ወር፣ ሰኞ ላይ፣ አንድ የቀሪ ምልክት አለ። አንዲት ቀን ናት፤ ማንም ልብ አይላትም። በሁለተኛው ወር ልጁ ሰኞም ማክሰኞም ቀርቷል። በሦስተኛው ወር ሦስት ሰኞዎች በተከታታይ አልመጣም። ለፈተና መጥቶ ሒሳብ ወድቋል። በአራተኛው ወር የቀሪ ምልክቱ ሙሉ ሳምንቱን ይዟል። ከዚያ ስሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሮ ጥግ ላይ «አቋረጠ» ተብሎ ተጽፏል።

መስመሩን ለማስመር አንድ ሰከንድ በቂ ነው። ልጁ ግን አራት ወር ሙሉ እየራቀ ነበር። ምልክቱም እዚያው ደብተር ላይ፣ በመምህሩ በራሱ እጅ ተጽፎ ነበር።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለርዕሰ መምህራን፣ ለሆምሩም መምህራን፣ ለወላጅ ኮሚቴዎችና እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ለሚያቅዱ ባለሙያዎች ነው። አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር። በዚህ ሥራ ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት ግምገማን ለመጨረሻ ማቆየት ነው። ፕሮግራሙ ይጀመራል፣ ገንዘቡ ያልቃል፣ ከዚያ «በሉ አሁን እንገምግም» ይባላል። በዚያን ጊዜ የሚነጻጸር ነገር የለም። ሪፖርቱም «ይህን ያህል ሥልጠና ሰጠን፣ ይህን ያህል ደብተር አከፋፈልን» ከማለት አያልፍም። ስለዚህ ከታች ባሉት ደረጃዎች ዕቅድና ግምገማ ተቀላቅለው ብታገኟቸው አይግረማችሁ። ሆን ብዬ ያደረግሁት ነው።

ደረጃ 1፦ «አቋረጠ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ተስማሙ

ቀላል ይመስላል። አይደለም። አንድ ልጅ ለሦስት ሳምንት ካልመጣ አቋርጧል? ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደ ተብሎ ማስረጃ ካልመጣስ? ዓመቱን ጨርሶ በሚቀጥለው ዓመት ሳይመዘገብ የቀረውስ?

እነዚህን ጥያቄዎች ፕሮግራሙ ሳይጀመር በጽሑፍ መልሱ። እኔ የምመክረው ይህን ነው። በተከታታይ የሚቀርበትን የቀን ገደብ ወስኑ። «ተዛወረ» የሚባለው ልጁን የተቀበለው ትምህርት ቤት ሲያረጋግጥ ብቻ ይሁን። ካልተረጋገጠ እንዳቋረጠ ይቆጠር። በክረምት ዕረፍት የጠፉትን አትርሱ፤ ብዙ ልጅ የሚጠፋው በሰኔና በመስከረም መሃል ነው። በተለይ ከአንድ እርከን ወደ ሌላ ሲሸጋገሩ፣ ትምህርት ቤትም ሲቀይሩ፣ «የእኔ ተማሪ ነው» የሚል ሰው ይጠፋል።

ሌላው ነገር መጠኑን በምን እንደምትለኩ ነው። በዓመት 5 በመቶ ማቋረጥ ትንሽ ይመስላል። እስቲ እናስላው። 1,000 ልጆች 1ኛ ክፍል ገቡ እንበል። ለስምንት ዓመት በየዓመቱ ከቀሩት 5 በመቶ ቢወጡና የሚመለስ ባይኖር፣ በመጨረሻ የሚቀሩት 663 ገደማ ናቸው። አንድ ሦስተኛው ጠፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥር ያዙ፤ የዓመቱን መጠንና አብረው ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ እንደጨረሰ የሚያሳየውን። የመጀመሪያው ለዘንድሮ ሥራ ይጠቅማል። ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግራችሁ ግን ሁለተኛው ነው።

ደረጃ 2፦ ያለፉትን ዓመታት መዝገብ ቆፍሩ

የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ስም መጥሪያ፣ ሮስተርና የምዝገባ ደብተር ሰብስቡ። ያቋረጡትን ልጆች በስም አውጡ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ክፍል፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ከዚያ በፊት ክፍል የደገመ መሆኑ፣ የወደቀበት የትምህርት ዓይነት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣበት ወርና ከዚያ በፊት የቀረባቸው ቀናት ይመዝገቡ።

ይህን በኮምፒውተር መሥራት ከቻላችሁ መልካም። ካልቻላችሁ ትልቅ ወረቀትና ማስመሪያ ይበቃል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግን ከየትኛውም ስብሰባ በላይ ያስተምራል። ብዙ ጊዜ «ሁሉም ጋ አለ» የተባለው ችግር ሁለት ክፍልና አንድ ወር ላይ ተከማችቶ ታገኙታላችሁ። ዕድሜው ለክፍሉ ያለፈ ልጅ ደጋግሞ ይታያል። ደጋሚም እንዲሁ።

ይህ ሰንጠረዥ መነሻችሁም ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ «ለውጥ አመጣን ወይ?» ስትሉ የምትመለሱት ወደዚህ ነው። ቀን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ አስቀምጡት።

ደረጃ 3፦ ምክንያቱን ከልጆቹና ከወላጆቻቸው ስሙ

ደብተሩ ማን እና መቼ እንደሄደ ይነግራችኋል። ለምን እንደሄደ አይነግራችሁም። ለምንን መምህራን ስብሰባ ላይ ብትጠይቁ «ወላጆች ለትምህርት ግድ የላቸውም» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። ወላጆችን ብትጠይቁ «መምህራኑ አያስተምሩም» ይላሉ። ሁለቱም ቤት ሄዶ የመጠየቅን ያህል አይረዳም።

አጠያየቁ ወሳኝ ነው። ቤት ገብታችሁ «ልጅዎ ለምን ቀረ?» ብትሉ ክስ ይመስላል። እናትየውም «ታሞ ነው» ብለው ይገላገላሉ። ከዚያ ይልቅ ደብተሩን አይታችሁ ሂዱ። «እናቴ፣ ልጅዎ ሰኞ ሰኞ ይቀርብናል። ሰኞ ቤት ውስጥ የተለየ ምን ሥራ አለ?» በሉ። «ሰኞ እኔ ከጠዋት ስለምወጣ ትንሿን የሚይዝልኝ ሰው የለም» የሚል መልስ ልትሰሙ ትችላላችሁ። በአንድ ጥያቄ ችግሩ «ግድ የለሽ ቤተሰብ» ከመሆን ወጥቶ «የሰኞ ሕፃን ጠባቂ» ሆነ። ይኼኛው መፍትሔ ሊገኝለት ይችላል።

መልሶቹን ስትሰበስቡ በሦስት ክምር መድቧቸው። አንደኛው ከትምህርት ቤቱ የሚገፋው ነው፤ ቅጣት፣ ስድብ፣ ደጋግሞ መውደቅ፣ ለሴት ልጆች የማይመች መጸዳጃ። ሁለተኛው ወደ ውጭ የሚስበው ነው፤ ሥራ፣ ጋብቻ፣ የታመመ ሰው ማስታመም፣ ስደት። ሦስተኛው ቀስ ብሎ የሚያርቀው ነው፤ ልጁን ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልጠራውም፣ ትምህርቱ ግን አልገባውም፣ መኖሩንም መቅረቱንም የሚያስተውል ሰው አጣ። ይህ ሦስተኛው ድምፅ ስለሌለው ይረሳል። እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ በራሱ አቅም ሊያድነው የሚችለው ልጅ ነው።

ደረጃ 4፦ የማስጠንቀቂያ ምልክቱን ምረጡና በራሳችሁ መዝገብ ፈትኑት

እዚህ ላይ ከባዶ መነሣት የለባችሁም። ሮበርት ባልፋንዝና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ ወደ 13,000 የሚጠጉ የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከ1996 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ተከታትለዋል። ጥናቱ በ2007 ወጣ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። አራት ምልክቶች ጎልተው ታዩ፦ ከትምህርት ቀናት 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መገኘት፣ ሒሳብ መውደቅ፣ የቋንቋ ትምህርት መውደቅ፣ የሥነ ምግባር ችግር። በእነዚህ ብቻ፣ ኋላ ሁለተኛ ደረጃን ከማይጨርሱት ውስጥ 60 በመቶውን ገና በ6ኛ ክፍል መለየት ተችሏል። በቺካጎ ደግሞ በ2005 የወጣ ጥናት 9ኛ ክፍል ላይ አተኮረ። በዚያ ዓመት በቂ ነጥብ ይዘው፣ ከዋና ዋና ትምህርቶች ቢበዛ በአንድ ሴሚስተር አንዱን ብቻ የወደቁት፣ ይህን ካላሟሉት ይልቅ በአራት ዓመት የመመረቅ ዕድላቸው ከ3 ተኩል እጥፍ በላይ ነበር።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ምልክቶች በሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ ናቸው። የቤተሰቡን ገቢ መጠየቅ አላስፈለገም። ስም መጥሪያ፣ ማርክ፣ ሥነ ምግባር፣ በቃ።

ነገር ግን የሌላ አገር ገደብ እንዳለ አትቅዱ። በራሳችሁ ያለፈ ዓመት መዝገብ ፈትኑት። እንዴት? በምሳሌ እንየው።

አምና በአንድ የክፍል ደረጃ 400 ተማሪዎች ነበሩ፣ 40 አቋረጡ እንበል። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት 10 ቀንና ከዚያ በላይ የቀሩትን ብታወጡ 60 ስም መጣ፤ ከእነሱ ውስጥ 28ቱ ኋላ ያቋረጡ ናቸው። ከ40ው 28ቱን፣ ማለትም 70 በመቶውን ያዛችሁ። ከያዛችኋቸው ውስጥ ግን በትክክል ያቋረጡት ግማሽ አይሞሉም። ገደቡን ወደ 5 ቀን ብታወርዱት 150 ስም ወጣ፤ ከ40ው 36ቱ ገቡበት። መረቡ ሰፋ፤ ሥራውም ከእጥፍ በላይ በዛ።

የትኛው ይሻላል? እንደ አቅማችሁ ነው። ልጆቹን የሚከታተሉ አራት ሰዎች ካሏችሁና አንድ ሰው ከ15 ልጅ በላይ በደንብ መያዝ ካልቻለ፣ 60 ነው አቅማችሁ። 150 ስም አውጥቶ ለ90ው ምንም አለማድረግ ዝርዝሩን ያስንቀዋል። ሌላም መንገድ አለ፤ ሰፊውን መረብ ወላጅን በስልክ ለማነጋገር ለመሰለ ቀላል ነገር፣ ጠባቡን ለከባዱ ድጋፍ ማዋል።

ለመነሻ የሚሆን ገደብ ከፈለጋችሁ ከትምህርት ቀናት 10 በመቶውን መቅረት በብዙ ቦታ የሚሠራበት ነው። የትምህርት ዓመቱ 200 ቀን ቢሆን 20 ቀን፣ በወር ሁለት ቀን ገደማ ማለት ነው። በወር ሁለት ቀን የሚቀርን ልጅ ማን ይጠረጥረዋል? ለዚህ ነው መቁጠር የሚያስፈልገው። «በፈቃድ» እና «ያለ ፈቃድ» ብላችሁም አትለዩ፤ በሕመምም ቀረ በሥራ፣ ያመለጠው ትምህርት ያው ነው።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ይህ ዝርዝር ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ በሰልፍ ላይም አይነበብም። «የአቋራጮች ክበብ» የሚባል ስም ልጅ ላይ አትለጥፉ። እንዲቆይ የፈለጋችሁትን ልጅ በዚህ ስም ብትጠሩት መውጫውን እያሳያችሁት ነው።

ደረጃ 5፦ መፍትሔውን ከምክንያቱ ጋር አጋጥሙ

ታናሽ እህቱን የሚይዝለት ያጣን ልጅ የሰኞ ከሰዓት የሒሳብ ማጠናከሪያ ብታዘጋጁለት አይመጣም። ሒሳብ ላልገባው ልጅ ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም ብትገዙለት ያመሰግናችኋል፤ ከሒሳቡ ጋር የነበረው ችግር ግን እንዳለ ነው። ብዙ ፕሮግራም የሚከሽፈው መፍትሔው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለሌላ ችግር የተዘጋጀ ስለሆነ ነው።

በሦስት እርከን አስቡት። ለሁሉም ተማሪ የሚሆን ነገር አለ፤ በየቀኑ በትክክል ስም መጥራት፣ የቀረ ልጅ ቤት በዚያው ቀን መደወል፣ ቅጣትን ማለዘብ። ምልክት ለታየባቸው የሚሆን አለ፤ በትንሽ ቡድን ማጠናከሪያ፣ ልጁን የሚከታተል አዋቂ (ሜንተር)። ለጥቂቶች ደግሞ እያንዳንዱን ጉዳይ ለብቻው መያዝ፤ ከጤና ጣቢያ፣ ከሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፣ ከአሠሪው ጋር ሳይቀር መነጋገር። የመጀመሪያው እርከን ካልሠራ ሦስተኛው ይጨናነቃል። ስም በትክክል ሳይጠራ ስለ ሜንተር ማውራት መሠረት ሳይጣል ጣራ መሥራት ነው።

የተሞከሩና የተለኩ ነገሮችን እንይ።

በ1990 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ «ቼክ ኤንድ ኮኔክት» የሚባል አሠራር ተጀመረ። ዋናው ሐሳቡ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰው መመደብ ነው። ሰውየው የልጁን መገኘት፣ ማርክና ባሕርይ በየጊዜው ያያል፤ ከልጁ ጋር አዘውትሮ ይነጋገራል፤ ቤተሰቡን ያገኛል፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት አብሮት ይቆያል። የመማርና የስሜት ችግር ባለባቸው ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ 9ኛ ክፍል ሲያልቅ ድጋፉን ካገኙት 9 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 30 በመቶ አቋርጠው ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለቱን ዓመት ነው። ለአንድ ወሰነ ትምህርት መጥቶ የሚጠፋ ሜንተር፣ ብዙ ሰው ትቶት ለሄደ ልጅ ሌላ ጥሎት የሚሄድ ሰው ነው።

ችግሩ ገንዘብ ሲሆን ገንዘብ ይሠራል። ሜክሲኮ በ1997 «ፕሮግሬሳ» በሚባል ፕሮግራም ልጆቻቸው አዘውትረው ለሚማሩ ድሃ የገጠር ቤተሰቦች ክፍያ መስጠት ጀመረች። በከፍተኛ ክፍሎች ለሴት ልጆች የሚከፈለው ከወንዶቹ ይበልጥ ነበር። ውጤቱ ጎልቶ የታየው ከ6ኛ ክፍል ወደ ሁለተኛ ደረጃ በሚሻገሩት ላይ ነው። መንገድ ሲሆን ችግሩ ደግሞ ብስክሌት ይሠራል። በሕንድ ቢሃር ግዛት ከ2006 ጀምሮ 9ኛ ክፍል ለገቡ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ ተሰጠ። የልጃገረዶቹ ምዝገባ በ32 በመቶ አደገ፤ ከወንዶቹ ጋር የነበረው ክፍተትም በ40 በመቶ ጠበበ።

ችግሩ «ተምሬ ምን አገኛለሁ?» ከሆነ መረጃም ይሠራል፤ ግን ወሰን አለው። ሮበርት ጄንሰን በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የ8ኛ ክፍል ወንዶች የተማረ ሰው በእውነት ስንት እንደሚያገኝ እንዲነገራቸው አደረገ። በቀጣዮቹ አራት ዓመታት በአማካይ ከ0.20 እስከ 0.35 ዓመት ተጨማሪ ተማሩ። ከሁሉ ድሃ በሆኑት ቤተሰቦች ልጆች ላይ ግን ለውጡ እምብዛም ነበር። ማወቅ ለብቻው የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ከዚህ ጋር ልጅ ማስደገምን በጥንቃቄ እዩት። ክፍል የደገመ ልጅ ዕድሜው ለክፍሉ ይበዛል፤ ጓደኞቹ ያልፉታል፤ ያፍራል። የደረጃ 2 ሰንጠረዣችሁን ተመልከቱና ከደጋሚዎቹ ስንቱ እንደጨረሰ ቁጠሩ። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ደረጃ 6፦ የ«ከዚያስ?» ሰንሰለቱን ጻፉ

በአንድ ገጽ፣ ከላይ ወደ ታች። ሜንተር መደብን። ከዚያስ? በየሳምንቱ ከልጁ ጋር ተገናኘ። ከዚያስ? የሚቀርበትን ምክንያት አወቀ፣ አንዱን ፈታ። ከዚያስ? መገኘቱ ተሻሻለ። ከዚያስ? ፈተና አለፈ። ከዚያስ? በሚቀጥለው ዓመት ተመዘገበ።

ለእያንዳንዱ እርከን አንድ መለኪያ፣ አንድ ኃላፊ፣ አንድ የመሰብሰቢያ ጊዜ ስጡት። ከአንድ በላይ አታብዙ። 40 አመላካች ያለው ፕሮግራም አንዱንም በትክክል አይሞላም። በመጨረሻ ውጤቱ ካልመጣ፣ ሰንሰለቱ የት እንደተበጠሰ የምታውቁት በዚህ ገጽ ነው።

ደረጃ 7፦ የምታነጻጽሩትን ቡድን ሳትጀምሩ ወስኑ

ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። እዚህ ላይ ታገሡኝ።

30 ልጆች መረጣችሁ እንበል። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በአማካይ 14 ቀን ቀርተዋል። ከፕሮግራሙ በኋላ በሁለተኛው ወደ 8 ቀን ወረደ። ደስ ይላል፤ «መቅረትን በ6 ቀን ቀነስን» ብላችሁ ሪፖርት ትጽፋላችሁ። ነገር ግን ልጆቹን የመረጣችኋቸው በጣም በቀሩበት ጊዜ ነው። ከመካከላቸው ታሞ የነበረ ድኗል፣ ሐዘን ላይ የነበረ ተመልሷል። ያለ ምንም ፕሮግራም የተወሰኑት ይሻሻላሉ። አሁን ተመሳሳይ ምልክት ኖሯቸው ድጋፍ ያላገኙ ሌሎች 30 ልጆችን ብታዩ ከ14 ወደ 10 ወርደው ብታገኟቸውስ? እንግዲህ የእናንተ ድርሻ 6 አይደለም፤ 2 ቀን ነው።

«ልጆቹ ራሳቸው ረድቶናል ይላሉ» የሚለውም ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ከ1939 እስከ 1945 ለወጣት ወንዶች ልጆች የተደረገ አንድ ታዋቂ ሙከራ አለ። ዓላማው ወደ ጥፋት እንዳይገቡ መከላከል ነበር። 506 ልጆች ነበሩበት፤ ግማሾቹ አማካሪ፣ የቤት ጉብኝት፣ ማጠናከሪያ ትምህርትና የክረምት ካምፕ አገኙ። ተመራማሪዋ ጆአን ማኮርድ ከ30 ዓመት በኋላ ፈልጋ አገኘቻቸው። ድጋፉን ካገኙት ከሁለት ሦስተኛ በላይ «ጠቅሞናል» አሏት። ካላገኙት ጋር ስታነጻጽራቸው ግን በበርካታ መለኪያዎች የባሱት ድጋፍ ያገኙት ሆነው ተገኙ። በ1978 አሳተመችው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይከብደኛል። በጥሩ ልብ የተሠራ ሥራ ሊጎዳ ይችላል፤ ሳይነጻጸር ደግሞ አይታወቅም።

ማነጻጸሪያውን እንዴት ታገኛላችሁ? የተሻለው ዕጣ ነው። ምልክት የታየባቸው 60 ልጆች አሉ፤ አቅማችሁ ለ30 ብቻ ነው። ዕጣ አውጡ። ብዙ ሰው «ልጅ ላይ ዕጣ ይወጣል?» ብሎ ይቆጣል፤ ቁጣው ይገባኛል። ግን ቦታው 30 ከሆነ መምረጥ አይቀርም። ምርጫው በዕጣ ካልሆነ በትውውቅ ይሆናል፤ ወይም መምህሩ «ይኼኛው ተስፋ አለው» ያለው ይገባል። ዕጣ ለሁሉም እኩል ነው። ሁለት ነገር ግን ጠብቁ። ፈጥኖ መደረስ ያለበት አደጋ ላይ ያለ ልጅ፣ ለምሳሌ ጋብቻ የተቆረጠባት ወይም የምትደበደብ፣ ዕጣ ውስጥ አይገባም፤ በቀጥታ ይረዳል። ዕጣ ያልወጣላቸውም ከተቻለ በሚቀጥለው ዙር ይግቡ። ሜክሲኮም ያደረገችው ይህን ነው፤ ለጥናቱ ከተመረጡ 506 መንደሮች 320ው በዕጣ ቀድመው ጀመሩ፣ 186ቱ ቆይተው ገቡ።

ዕጣ ካልተቻለ የሚመሳሰል ትምህርት ቤት ፈልጉ። የሁለቱንም የበፊትና የኋላ ቁጥር ይዛችሁ የለውጡን ልዩነት ውሰዱ። የቢሃሩ ብስክሌት የተገመገመው በዚህ መንገድ ነው፤ ልጃገረዶቹ ከወንዶቹ ጋር፣ ግዛቱ ከጎረቤቱ ከጃርክሃንድ ጋር ተነጻጽረው።

ደረጃ 8፦ ሥራው በዕቅዱ መሠረት እየሄደ መሆኑን በየሳምንቱ እዩ

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 40 ደቂቃ፣ አራት አምስት ሰው። ጠረጴዛው ላይ ዝርዝሩ ብቻ። ለእያንዳንዱ ስም ሦስት ጥያቄ፦ በዚህ ሳምንት መጣ? ማን አነጋገረው? ቀጣዩ ነገር ምንድን ነው፣ በማን? «እንከታተላለን» የሚል መልስ አይጻፍ። «ረቡዕ እትዬ ቤት እሄዳለሁ» የሚል ይጻፍ።

አንድ አደጋ ላስጠንቅቃችሁ። መምህራን በማቋረጥ ቁጥር የሚመዘኑ ከሆነ ቀይ መስመሩ አይሰመርም። የጠፋው ልጅ እስከ ሰኔ «አለ» እየተባለ ይቆያል። ቁጥሩ ያምራል፣ ወንበሩ ባዶ ነው። መድኃኒቱ ድንገተኛ ቆጠራ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ ቀኑ ሳይነገር፣ ሌላ ሰው ክፍል ገብቶ ጭንቅላት ይቁጠርና ከስም መጥሪያው ጋር ያስተያይ። የተለያዩ ከሆነ መምህሩን አትቅጡ፤ ለምን እውነቱን መጻፍ እንደፈራ ጠይቁ።

ደረጃ 9፦ አስሉት፣ ወጪውንም ጨምሩ

ዓመቱ አለቀ። ዕጣ ከወጣላቸው 30 ልጆች 9፣ ካልወጣላቸው 30 ደግሞ 13 አቋረጡ እንበል። መጀመሪያ፣ ዕጣ ወጥቶላቸው ሜንተራቸውን ያላገኙት ወይም መሃል ላይ የተዉት ልጆች ከ30ው እንዳይቀነሱ። እነሱን አውጥቶ የቀሩትን ብቻ መቁጠር ውጤቱን ያሳምራል፤ እውነቱን ግን ይደብቃል።

ልዩነቱ 4 ልጅ ነው። ይህን ያህል ልዩነት በ30 እና በ30 መካከል በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ «ተረጋገጠ» አትበሉ። ተመሳሳይ ፕሮግራም፣ ተመሳሳይ ትርጉም፣ ተመሳሳይ ፎርም ይዛችሁ ከብዙ ትምህርት ቤቶች ጋር ተባበሩና ቁጥሩን ደምሩ። ቁጥሩ ሲበዛ አጋጣሚ ይቀንሳል።

ወጪውን ስታሰሉ ጠቅላላውን ለ30 አታካፍሉ፤ ለ4 አካፍሉ። ከ30ው 17ቱ ያለ እናንተም ይቆዩ ነበር፤ ማነጻጸሪያው ያሳየው ይህንን ነው። 9ኙ ከነድጋፉ ሄደዋል። የምትገዙት ለውጥ 4 ልጅ ነው፤ የአንዱ ዋጋ በዚያ ይሰላል። የመምህራንን ትርፍ ሰዓትም ዋጋ ስጡት፤ በነፃ የተሠራ የሚመስል ነገር ሌላ ቦታ ሲሄድ ነፃ አይሆንም።

በወንድና ሴት፣ በክፍል፣ በምክንያት ክምርም ለያዩት። በጥቅሉ «ትንሽ ለውጥ» የሆነ ነገር ቀስ ብለው ለሚርቁት ትልቅ፣ ሥራ ለሚስባቸው ደግሞ ምንም ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ደረጃ 10፦ ውጤቱን ለሠሩት ሰዎች መልሱ

ሪፖርቱ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ለጋሽ አይደለም፤ ስም ሲጠሩ ወደከረሙት መምህራን ነው። የጠፉትን 9 ልጆች በስም እያነሣችሁ ተነጋገሩ፤ በሩን ዝጉና። ሰንሰለቱ በእያንዳንዳቸው ላይ የት ተበጠሰ? ሜንተሩ አልተገናኘም? ተገናኝቶ ምክንያቱን አላወቀም? አውቆ መፍታት አልቻለም? የመጀመሪያው ከሆነ አሠራሩን አጥብቁ። የመጨረሻው ከሆነ መፍትሔውን ቀይሩ፤ ያንኑ ጨምሮ መሥራት አይረዳም። የማይሠራ ነገር ካገኛችሁ በግልጽ «ይህን አቁመናል» ብላችሁ ጻፉ፤ ለሌላው ትምህርት ቤት ትልቅ ውለታ ነው።

የቆዩትን 21 ልጆችም አትልቀቋቸው። በክረምት አንድ ጊዜ ደውሉ፤ የምዝገባ ቀን ማን እንደመጣ በዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርጉ። ከስብሰባው ሳትነሡም የሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ዝርዝር የሚወጣበትን ቀን ወስኑ። ትምህርት በተጀመረ በ20ኛው ቀን ቢሆን እመርጣለሁ። ያን ጊዜ 10 በመቶ ማለት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ደብተሩ ላይም ገና ሁለት የሰኞ ምልክት ነው ያለው።